ያላለቀው የሃለኮ ጥናት

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ቆሞ «ሃለኮ አጠናለሁ» ማለት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሌላው አገር ሽፈራው የሚለው ዛፍ እኛ ጋ የሌለበት ግቢ የለም፤ ቅጠሉ ከበቆሎ ኩርኩፋ ጋር የማይበላበት ቤትም የለም። የማስተርስ ጥናቴን በቅጠሉ ኬሚስትሪ ላይ ልሠራ ነው ስል የሳቀብኝ እንጂ ያደነቀኝ አላጋጠመኝም። «ይሄን ለማወቅ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?» አሉኝ ሙዝ ነጋዴዋ ጎረቤታችን። «ስኳር ያወርዳል፣ ደም ግፊት ያወርዳል፤ አለቀ!»

ምን ያልቃል! የኔ ጣጣ ገና እዚያ ላይ ነው የጀመረው።

ትምህርቱ አዲስ አበባ ነበር፤ የላብራቶሪ ሥራውን ግን ቅጠሉ ካለበት ብዬ አርባ ምንጭ አመጣሁት። ጥያቄዬ ቀላል ነው፤ ቅጠሉ በእርግጥ ስኳር ያወርዳል ወይ? ካወረደስ ውስጡ ካለው ነገር የትኛው ነው የሚያወርደው? ቅጠሉን ከምዕራብ ዓባያ አስመጣለሁ፣ ጥላ ውስጥ አደርቃለሁ፣ አስፈጫለሁ፣ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፌ አጠላለሁ። አልኮሉን የሚያተነው ማሽን መዞር ሲጀምር መብራት ድርግም ይላል። መብራት ሲመጣ ደግሞ ውሃ ይሄዳል። ወይ ፈጣሪ፣ ተማክረው ነው እንዴ? እል ነበር።

የማነበውም ቢሆን ያናድዳል። ሃለኮ በየአገሩ ዘመድ አዝማድ ያለው ዛፍ ነው፤ የተጻፈው ሁሉ ግን ስለ ህንዱ፣ ስለዚያ ቀጭኑ ዘመዱ ነው። የእኛን ወፍራም ግንድ፣ የእኛን ሰፊ ቅጠል ዞር ብሎ ያየው ጥቂት ነው። ሰው የሚበላውን ሳያውቅ ይኖራል? እያልኩ ብቻዬን እነጫነጫለሁ።

አንድ ቀን እንደዚሁ ተናድጄ ቤት ስገባ የእናቴ የእግር አውራ ጣት በጨርቅ ተጠቅልሏል። እናቴ ስኳር አለባት፤ ሐኪም ያዘዘላትን ኪኒን ከያዘች ቆይታለች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ጫማ ነው የላጠኝ፤ ይድናል።»

ጨርቁን ስፈታው ክው አልኩ። የሰነበተ ቁስል ነው። እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ስኳሯን ለካችና ደግማ ለካች። «እማማ፣ ኪኒን ይወስዳሉ?»

እናቴ ኮራ ብላ ተቀመጠች። «ትቼዋለሁ። ልጄ ሃለኮ እያጠናች እኔ እንዴት ኪኒን እውጣለሁ?»

ለካስ ላብራቶሪ ስውል ቤታችን ሌላ ነገር ሆኗል። የኔን ማጥናት የሰማ ሁሉ ከግቢያችን ዛፍ ቅጠል ይለምናል። ሃለኮ ደጋ አይበቅልምና ዘመዶቻችን ከገረሴ ለገበያ በወረዱ ቁጥር ጎራ ይላሉ። ታዲያ ሙዝ ነጋዴዋ እናቴን ኪኒን ስትውጥ ያዩዋትና፣ «እናትዬዋ ያላመነችውን እኛ ልንመን?» ብለው ይቀልዳሉ። እሳቸው ቀለዱ፤ እናቴ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ኪኒኑን ነክታው አታውቅም። ጠዋት ሃለኮ፣ ማታ ሃለኮ።

«እማዬ፣ እኔ የምሠራው በአይጥ ላይ ነው!» አልኳት፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ እየጮህኩ።

«አይጥ ካዳነ ሰውማ እንዴት አያድን!»

«አይጡንም አላዳነም! ገና አላወቅንም!»

«ታዲያ እስከዛሬ ምን ስትሠሪ ነበር?»

አለቀስኩ። ሐኪሙ እግርሽን ልታጪ ትችያለሽ ብሎ በግልጽ ነገራት። እሷ እቴ! «ሰው ፊት ልጄን አላዋርድም» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። እልኳ ያበግናል፤ በዚያ ላይ ለኔ ብላ መሆኑ ደግሞ ይብስ ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ ራሷ፣ «እስቲ እነዚያን አይጦች አሳዪኝ» አለችኝ። ላብራቶሪ ወሰድኳት። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ከሳጥን ሳጥን ዞረች።

«ለምን ለያየሻቸው?»

«እነዚህ ቅጠሉን ብቻ ይወስዳሉ። እነዚህ ኪኒን ብቻ። እነዚህ ሁለቱንም። እነዚያ ደግሞ ምንም አይሰጣቸውም።»

«ምስኪኖች! ምን በድለው?» አለች። ከዚያ ሁለቱንም የሚወስዱት ፊት ቆመች። «ሁለቱንም የሚወስድ ሰውስ አለሽ?»

«ሰው የለኝም።»

«እኔ ምን ሆኜ? እኔ አለሁልሽ!»

እንዲህ ሰው አንስቶ ጥናት ውስጥ መጨመር እንደማይቻል ላስረዳት ስል ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። «እሺ» አልኩ። «ግን ኪኒኑን አንድ ቀን ካቋረጥሽ ጥናቱ ይበላሻል።»

ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት! ሙዝ ነጋዴዋ ፊት ሳይቀር፣ «ለልጄ ጥናት ነው» እያለች ትውጣለች። ስኳሯ ወረደ፣ ጣቷም ቀስ እያለ ዳነ።

ጥናቴም ከስንት ልፋት በኋላ አለቀ። ቅጠሉ የአይጦቹን ስኳር ዝቅ ማድረጉን አየሁ፤ የትኛው ነገር እንዳወረደው ግን ለይቼ ማውጣት አቃተኝ። ኪኒኑን እንደማይተካው ግልጽ ነበር። አማካሪዬ እንኳን ደስ አለሽ ሲሉኝ ለእናቴ ላበስር ወደ ቤት ሮጥኩ። ኪኒኗን በአንድ እጇ፣ ውሃዋን በሌላው ይዛ ደጃፍ ላይ አገኘኋት።

«ይሄ ጥናትሽ ባለቀና ከዚህ መራራ ነገር በተገላገልኩ» አለችኝ።

ማለቁን ሳልነግራት አልፌያት ወደ ውስጥ ገባሁ።

ለምርቃቴ ብላ ያሸመነችው ዱንጉዛ ነበራት፤ ያ የጋሞ ቀይና ቢጫ ልብስ። ከጥቁሩ ጋዋን በላይ በገዛ እጇ ልታለብሰኝ ነበር የምትመኘው። ኬሚካል ላመጣ ነው ብያት አዲስ አበባ ሄድኩና ብቻዬን ተመርቄ መጣሁ። ፎቶ እንኳን አልተነሳሁም።

አሁን እዚያው ላብራቶሪ ተቀጥሬ እሠራለሁ። እናቴ ዱንጉዛውን ብል እንዳይበላው አልፎ አልፎ አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ባለፈው ሙዝ ነጋዴዋ አይተው፣ «የልጅሽ ትምህርት አያልቅም እንዴ?» አሏት።

«የኔዋ ትንሽ ዘገምተኛ ናት» አለች እናቴ፣ እዚያው እኔው ፊት።

ደሜ ፈላ። ተመርቄያለሁ እኮ! ልል ስነሳ ኪኒኗን አፏ ውስጥ ጣል አድርጋ ውሃ ተጎነጨችበት።

«በይ፣ የዛሬውንም ውጫለሁ» አለችኝ። «መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ገና ነው፣ እማዬ።»