የተቆረጠው ላስቲክ

ባልደረቦቹ «ሚሊሜትር» ይሉታል። ሃያ ስድስት ዓመት መሬት ሲቀይስ አንድም ቀን «ይሄ ይበቃል» ብሎ ስለማያውቅ ነው። ሚስቱ ግን ይህን ስም ስትሰማ ትስቃለች፤ መነጽሩን ቤት ሙሉ ሲፈልግ ውሎ ግንባሩ ላይ የሚያገኝ ሰው ነውና። ይህንንም ታሪክ ከማንም በላይ የሚያወራው ራሱ ነው። ሌላ ሰው ካወራው ሞኝነቴን ያሳንስብኛል ይላል።

በዚያ ሰሞን የሚቀይሰው የጫካ ድንበር ነበር። ጫካው ደግሞ መዥገር ያፈላል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ የሥራ ሱሪዎቹን ሰብስባ የእግራቸው ጫፍ ላይ ላስቲክ አስገባችባቸው፤ ካልሲው ላይ ጥብቅ ብሎ ሲይዝ መዥገር መግቢያ እንዳያገኝ። ከሥራ ሲመለስም በር ላይ አቁማ ከጆሮው ጀርባ እስከ ጉልበቱ መታጠፊያ ትፈትሸዋለች። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት መለኪያ ዘንግ የሚይዝለት ሠራተኛ፣ «ዛሬም ሚስትህ አስራ ነው የላከችህ?» ብሎ ሰው ሁሉ አሳቀበት። ሚሊሜትር ኩራት ራቱ ነውና ዛፍ ጥግ ሄዶ ላስቲኩን በሰንጢ ቆርጦ ጣለው። ቆርጦስ ዝም ቢል ደግ ነበር። ሚስቱ የተበጠሰውን ክር አይታ ብትጠይቀው፣ «እኔ ሕፃን አይደለሁም» አላት።

«እሺ አዋቂው፣ እንግዲህ ራስህን ፈትሽ» አለችና ተኮራረፉ።

ኩርፊያው ዘጠኝ ቀን ሞላው። ምግብ ይቀርባል፣ ይበላል፤ ወሬ የለም። አንድ ቤት ውስጥ እያሉ ሚስቱ ናፈቀችው። «ይቅርታ» የምትለዋ ቃል ግን ከጉሮሮው አልወጣ አለች።

በዘጠነኛው ቀን ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ገብቶ ሸሚዙን ሲያወልቅ ጀርባውን በላው። ከሚስቱ የስፌት ሳጥን ወረንጦ አንሥቶ መታጠቢያ ቤት ገባና በሩን ቆለፈ። የመላጫ መስታወቱን በእጁ ይዞ ለግድግዳው መስታወት ጀርባውን ሰጠ። ተራራ በመሣሪያ የሚያነብ ሰው በሁለት መስታወት መሃል ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆነበት። በስንት መከራ ከትከሻው በታች አንድ ጥቁር ነገር አየ። በወረንጦው ይዞ ሳበ። አልነቀል አለው። «እንደ መዥገር ተጣበቀ የሚባለው ለካ እውነት ነው» እያለ ደግሞ ሳበ። ደም ወጣ፤ ጥቁሩ ነገር ግን ንቅንቅ አላለም። መዥገር ያመጣዋል ሲባል የሰማው በሽታ ሁሉ ትዝ አለውና ፈራ።

በሩን ከፍቶ ወጣ። ሚስቱ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች።

«ስሚማ» አለ፤ «ጀርባዬን እዪልኝ። መዥገር ነው፣ አልነቀል አለኝ።»

መኪናዋን አቁማ፣ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየች። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ይሄ እኮ ማርያም የሳመችህ ቦታ ነው። ስንጋባም ነበረ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት አይቼዋለሁ። አንተ ካላየኸው እኔ ምን ላድርግ?»

የሰውን ድንበር በሚሊሜትር ሲለካ የኖረው ሰውዬ የገዛ ጀርባውን እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባው። አፈረ። ካፈርኩ አይቀር ብሎም፣ «ላስቲኩን መቁረጤ ልክ አልነበረም። ሰው ሳቀብኝ ብዬ ነው። ይቅርታ» አላት።

እሷም ወረንጦውን ከእጁ ተቀበለችና፣ «ዘጠኝ ቀን ሙሉ ማን ፈተሸህ?» አለችው።

«ማንም።»

«ቁም እንግዲያው።»

ከፀጉሩ ጀመረች። ከጆሮው ጀርባ፣ አንገቱን፣ ብብቱን አየች። እውነተኛው መዥገር የተገኘው ወገቡ ላይ፣ ቀበቶው ሥር፣ እሱ ጨርሶ ባላሰበው ቦታ ነበር። ወረንጦውን ከቆዳው አስጠግታ ቀጥ አድርጋ ሳበችው፤ ከነጭንቅላቱ ወጣ። ቦታውን በሳሙና አጠበችና እሱ ራሱ ያቆሰለውን ደግሞ በአልኮል ጠረገችለት።

«ጨረስኩ» አለች።

«ከጆሮዬ ጀርባስ?»

«አየሁት እኮ።»

«ደግመሽ እዪው።»

ምንም እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። እሷም መነጽሯን አስተካክላ፣ ጆሮውን ወደ ፊት አጠፍ አድርጋ እንደገና ማየት ጀመረች።