የተፈታታው የእጅ ባትሪ

ጭሮ ተመድቤ አፀደ ሕፃናት ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ ከተማሪዎቼ አንዷ ቃል አትተነፍስልኝም ነበር። ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም። ስጠራት ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ታየኛለች። ዓይናፋር ናት ብዬ ተውኳት።

አንድ ቀን የባትሪ ድንጋይ፣ ትንሽ አምፖልና ቁራጭ ሽቦዎች ይዤ ገባሁ። ስለ ኤሌክትሪክ በቃል ከማወራላቸው በእጃቸው ቢሞክሩት ይሻላል ብዬ ነው። ልጆቹ ተሻሙ። ያቺ ልጅ ተራዋ ሲደርስ የሽቦውን ጫፍ ቀስ አድርጋ አምፖሉን አስነካችው።

«ኢፌ!» ብላ ጮኸች። በራ ማለቷ ነው። እኔም «ኢፌ!» አልኩ፤ አነጋገሬ በሳቅ ገደላት።

በማግስቱ ጠዋት እናቷ እየጎተተች አመጣቻት። ጫት ነጋዴ ናት፤ ሳይነጋ ነው ከቤት የምትወጣው። በፌስታል የያዘችው የእጅ ባትሪ ብትንትኑ ወጥቷል።

«ቲቸር፣ ይሄን አንቺ ነሽ ያስተማርሻት? ወላሂ፣ ዛሬ ሌሊት በዳበሳ ነው ገበያ ደርሼ የተመለስኩት!»

ደንግጬ ይቅርታ ጠየቅኩና ልገጥመው እጄን ዘረጋሁ። ልጅቷ ግን ፌስታሉን ነጥቃን ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ድንጋዮቹን ከተተች፣ ክዳኑን አጠበቀች። አልበራም። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንዱ ድንጋይ ተገልብጦ መግባቱን አይቻለሁ፤ ልንገራት ወይስ ልተዋት እያልኩ ሳመነታ እናትየው ነጠላዋን ሰብስባ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። በኦሮምኛ እየተነጋገሩ ያወጣሉ፣ ያገላብጣሉ፣ መልሰው ይከታሉ። ድንገት ብርሃኑ እናትየው ዓይን ላይ ቦግ አለ። ቁጣዋን ረስታ ፊቷን በመዳፏ ከልላ ሳቀች።

«ቆይ ግን ቲቸር፣ ሲገለበጥ ለምንድን ነው እምቢ የሚለው?»

«ኃይሉ ከድንጋዩ ወጥቶ፣ በአምፖሉ አልፎ መመለስ አለበት። አንዱ ሲገለበጥ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ መሄጃ ያጣል።»

ለልጇ በኦሮምኛ አስረዳቻት። የቀሩትም ልጆች እየደረሱ ከበቧት። እኔ በአማርኛ፣ እሷ በኦሮምኛ ስንቀባበል ከወትሮው ይልቅ ብዙ እጅ ተነሣ። እንደ እሷ ልጅ ዝም ይሉኝ የነበሩት ሌሎቹም ሁሉ ጥያቄ ነበራቸው። የጎደለው የሚጠይቁበት ቋንቋ ነበር፤ ዓይናፋርነት ያልኩትም እሱኑ ነው።

ውጭ የምትጠብቃት ባጃጅ ደጋግማ ጥሩምባ ነፋች። እናትየው ባትሪዋን ይዛ ሮጠች። እኔ ደግሞ ልጅቷ አጠገብ ተቀምጬ ሽቦውን አነሣሁና በኦሮምኛ ምን እንደሚባል ጠየቅኳት።