አሠሪዬ «እሺ» ያለኝ ቀን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። እስካሁን ለሰው የተናገርሁት ግማሹን ብቻ ነው። ያ ግማሹ ያስመሰግነኛል። ሌላው ግማሽ ግን እንቅልፍ ስለነሳኝ እነሆ ጻፍሁት።

ካሴ እባላለሁ። በስማዳ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የወፍጮ ሠራተኛ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው፤ ሞተር የተማርሁት ደግሞ ፈትቶ በመግጠም ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከእስቴ እስከ ጋይንት ወፍጮ እንቢ ያላቸው ሰዎች የተማረ ከመፈለጋቸው በፊት እኔን ያስጠራሉ። የወፍጮ ድንጋይ በመዶሻ መታ አድርጌ ጤነኛውን ከታመመው በጆሮዬ እለያለሁ። ይህን የሚችል ሌላ ሰው በአገራችን አላየሁም።

የወፍጮው ባለቤት አቶ ሙላት ነው። ልጄ ሊሆን በሚችል ዕድሜ ላይ ሳለ በሰው ፊት «አንተ ካሴ» ይለኝ ነበር። ከስድቡ ይልቅ የሚብሰው እንቢተኝነቱ ነው። ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጊያ ሳስቷልና ይቀየር ካልሁት እስኪበጠስ ያሠራዋል። ሞተሩ ግሏል ይረፍ ካልሁት እስከ ማታ ያስፈጨዋል። ከእኔ በፊት የተቀጠሩት አንድ ክረምት እንኳ አልከረሙም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ኖርሁ።

እንዴት ብትሉ፣ የምፈልገውን ገልብጬ እናገር ነበር። «ይህ ቺንጊያ ገና ዓመት ይከርማል» ስለው «ምን ታውቃለህ አንተ! አሁኑኑ አውጣው!» ይላል። እኔም አንገቴን ደፍቼ አወጣዋለሁ። እሱ ያዘዘኝ ይመስለዋል፤ የማዘው ግን እኔ ነበርሁ። በዚህ ዘዴዬ ብዙ ጊዜ ለብቻዬ ስቄያለሁ።

ያን ሰሞን መብራት ጠፍቶ ሰንብቶ በአምስተኛው ቀን ጧት መጣ። የሰማው ሁሉ ባቄላውንና ሽምብራውን በአህያ ጭኖ መጣ። ሴቶቹ ወፍጮ ቤቱን ሞልተው በሩ ላይ ተጣበቡ።

የመጀመሪያውን ጆንያ ፈጭቼ ሳልጨርስ የድንጋዩ ድምፅ ተለወጠብኝ። ሞተሩን አጠፋሁና ክዳኑን ገልጬ በመዶሻ መታ አደረግሁት። እንደ ተሰነጠቀ እንስራ መለሰልኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ከመሐሉ ተነሥቶ ዙሪያውን እስካሠረው ብረት የሚደርስ ፀጉር የመሰለ መስመር አለበት። እንዲህ ያለ ድንጋይ ሲግል ይፈነዳል።

«አያ ካሴ፣ ከድንጋዩ ጋር ምን ትማከራላችሁ? ልጆቼ ለቁርስ ያሉት ምሳ ሊሆን ነው!» አለችኝ እንጉዳይ። እንጉዳይ ጎረቤቴ ናት፤ ምላሷ ከምላጭ ይሰላል።

ሳልመልስላት አቶ ሙላት ገባ። «ምነው ቆመ?» አለ። እንደ ወትሮው አልጮኸም። ያን ጊዜ ልጠረጥር ይገባኝ ነበር።

ተሰንጥቋል ብዬ ብነግረው «ፍጭ!» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ክዳኑን መለስ አድርጌ «ምንም አልሆነ። ይህ ድንጋይ ገና ሁለት ዓመት ይፈጫል። ላስነሣው ነው» አልሁት። ከዚያም «አትንካው!» እስኪለኝ ጠበቅሁ።

«እርስዎ ካሉ እሺ። ያስነሡት» አለኝ።

እርስዎ ሲለኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

«ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» አለች እንጉዳይ፤ ሴቶቹም ሳቁ።

እሱም አብሮ ሳቀና «የነፍስ አባቴ ቀኖና ሰጥተውኝ ነው። እስከ ፋሲካ በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው ከተናገረ በኋላ እንቢ እንዳልል አዘዙኝ። አንድ ሺህ ስግደት ይሻለኝ ነበር» አለ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ዋሽቻለሁ» ብል ያበቃል። ነገር ግን ጆሮው አይስትም የተባልሁ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እንዴት ብዬ? ጥቂት ልፍጭና ሌላ ምክንያት ፈልጌ አቆመዋለሁ አልሁ በልቤ። ማብሪያውን ተጫንሁት።

ድንጋዩ ዞረ። ድምፁ መጀመሪያ ከጥርስ ማፋጨት አይበልጥም ነበር። ከዚያ ወፈረ። የተቃጠለ ድንጋይ ሽታ መጣ። እጄን ወደ ማጥፊያው ሰደድሁ።

«ምነው? ደህና ነው አላሉም?» አለ አቶ ሙላት ጆንያ ላይ እንደ ተቀመጠ በትሕትና። እጄን መለስሁ።

ያን ጊዜ ዘዴ ፈጠርሁ። «አቧራው በዛ! ዱቄቱን ስጨርስ እጠራችኋለሁ፤ ሁላችሁም ውጡ!» ብዬ ጮኽሁ። ሴቶቹ እያጉረመረሙ ወጡ። እንጉዳይ «አቧራ ዛሬ ነው ያየነው?» እያለች የመጨረሻዋ ሆና ወጣች።

አቶ ሙላትም ሊወጣ ተነሣ። በዚህ ጊዜ ነው ያ ቃል ከአፌ የወጣው። «እርስዎ እዚሁ ቢሆኑ ይሻላል» አልሁት።

ምላሴ የአሥራ አንድ ዓመት የመገልበጥ ልማዷን ይዛ ነው እንዳልል፣ ቀኖናውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቂም ነው እንዳልል፣ እንዲሞት አልተመኘሁም። የትኛው እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

«እሺ» ብሎ ተመልሶ ጆንያው ላይ ተቀመጠ።

«ውጣ!» ልለው አፌን ስከፍት ድንጋዩ ፈነዳ። የብረት ሽፋኑ ተቀደደ፤ አንዱ ስባሪ ጣሪያውን በስቶ ወጣ፤ ሌላው የአቶ ሙላትን ጭን መታው። ሞተሩን አጥፍቼ ስደርስ ፊቱ በዱቄት ነጥቶ ነበር። ዓይኖቹ እኔን ይመለከቱ ነበር። እግሩን በነጠላዬ አሠርሁለት፤ በቃሬዛ ተሸክመን እስከ መኪና መንገድ አደረስነው።

ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። «ሴቶቹን ባያስወጣቸው እልቂት ነበር» ተባለ። እንጉዳይ ሳትቀር እግሬ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ምስጋናውን ተቀበልሁ። ሴቶቹንስ በእርግጥ ያዳንሁት እኔ ነኝ።

አቶ ሙላት ከፋሲካ በኋላ በከዘራ እየተደገፈ ተመለሰ። ቀኖናው አብቅቷል። እሱ ግን አሁንም እርስዎ ይለኛል፤ በሥራ የምለውን ሁሉ እሺ ይላል። ከእሱ ጋር መስማማት ለሚያቅተው ሰው ይህ ሕልም ይመስላል። እኔ ግን የድሮው ስድቡ ይናፍቀኛል።

ባለፈው አዲስ ድንጋይ ገጠምን። ዙሪያውን በመዶሻ መታ መታ ሳደርገው እንደ ደወል ጮኸ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጤነኛ ድንጋይ አልመታሁም።

«እንዴት ነው አያ ካሴ?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልሁ። ይህን ስል እውነቴን ነው።

ትኩር ብሎ አየኝ። «እሺ፣ ያስነሡት» አለና ከዘራውን ይዞ ወጣ። በበሩ ሳየው ከግንቡ አጥር ማዶ ሄዶ ቆሟል።