የፈረሱ ቃል

በማናለብሽ ሻይ ቤት እሑድ ከምሳ በኋላ የወንጀል ድራማው ሲጀምር ወንበር አይበቃም፤ ሰው የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ ይቀመጣል። ሁሉም የተጠርጣሪዎቹን ፊት ሲያጠና ኮርቻ ሰፊው ይኸነው ግን ከብት እስኪታይ ድረስ ያንቀላፋል። ሰው ሲዋሽ ማየት ምን ያደርግልኛል፣ እሱንማ ገበያ ላይ በነፃ አየዋለሁ ይላል። አርባ ዓመት ኮርቻ ሰፍቷል። ከአዘና እስከ ዳንግላ ፈረስ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ እሱን ይዞ ነው ገበያ የሚወርደው፤ እሱ አይቶ ዝም ያለውን ፈረስ የሚገዛ የለም።

ባለወፍጮው ሀብታም ተገድሎ ከተገኘ ሦስት ክፍል አልፏል፤ አሁን ሰባተኛው ነው። ጎሹ የሚባለው የሟች ዘመድ እዚህ ግቢ ደርሼ አላውቅም እያለ ለመርማሪው ይምላል። ምሎ ሲወጣ በር ላይ በታሰረው በሟች ዳማ ፈረስ አጠገብ አለፈ። ፈረሱ አልበረገገም። ጆሮውን ወደ ፊት ቀሰረ፣ አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ አፍንጫውንም ወደ ሰውየው ኪስ ሰደደ። አንድ አፍታ ብቻ ነበር።

ይኸነው ብድግ ሲል ሻዩ ተደፋ።

«ዋሽቷል። ይህ ሰው ለዚያ ፈረስ እንግዳ አይደለም፤ ገዳዩ እሱ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፀጉር አስተካካዩ ፊልጶስ ገዳዩ ሾፌሩ ነው ብሎ ተከራከረ፤ በክረምት መኪናውን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ያጠበ ሰው፣ ዝናቡ የማያጥብለት ነገር አለበት። ማናለብሽ ደግሞ ከሚስትየዋ ንቅንቅ አልልም አለች፤ ሦስት ክፍል ሙሉ ስታለቅስ ኩሏ አልፈሰሰም። አምስት ክፍል ያመለጠው አንድ መምህር መርማሪው ራሱ ነው ሲል ወንበሩን ሊቀሙት ደረሱ።

«እንግዲያው ጋሽ ይኸነው፣ ፈረሱ ጣቢያ ቀርቦ ቃሉን ይስጣ» አለች ማናለብሽ።

ይኸነው ሲስቁበት ይስቅ ነበር፤ በፈረስ ሲስቁበት ግን ደሙ ይፈላል። ጎሹ ያን ግቢ ረግጦ የማያውቅ ከሆነ፣ ከእንግዲህ ማንም ፈረስ እይልኝ ብሎ ደጄ እንዳይቆም አለ። ይህን ያለው አወቀ የሚባል ገበሬ በተቀመጠበት ነው። ሰውየው ከአዘና ነው የመጣው፤ በጥር ለሚውለው የፈረሰኞች በዓል የሚገዛውን ፈረስ ይኸነው በሚቀጥለው እሑድ ሊያይለት ቀጠሮ ሰጥቶት ነበር። ይኸነው ገና ሳይቀመጥ በምላሱ ተጸጸተ።

ሳምንቱን ከተማው አላስቀምጠው አለ። ባጃጅ ነጂው መንገድ መሀል ፍሬን ይዞ «ጋሼ፣ ፈረሱ ሌላ የጨመረው ነገር አለ?» ይለዋል። ከቅዳሴ ሲወጣ ዲያቆኑ ሳይቀር ጎሹ ነው ወይስ ሚስትየዋ ብሎ ጠየቀው። የኮርቻ ቆዳ ሊሰፋ ተቀምጦ አውራ ጣቱን ወጋ።

እሑድ ደረሰ። ቤቱ ጢም አለ። አወቀ የሚገዛውን ግንባረ ነጭ ቦራ ፈረስ ከነባለቤቱ ከሻይ ቤቱ ጀርባ አስቁሞ ገባ።

ገዳይዋ ሚስትየዋ ሆነች። ጎሹ በእውነትም ያን ግቢ ረግጦ አያውቅም ነበር፤ መርማሪው ራሱ ነጻ ነህ ብሎ ጨበጠው። ማናለብሽ ሣጥን ላይ ወጥታ እልል አለች፤ ፊልጶስ የሾፌሩን ነገር እንዳያነሱበት ብሎ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ። ይኸነው ባርኔጣውን አነሣ። አወቀም ተነሣ፤ ዓይኑን ከሽማግሌው ዓይን አሽሽቶ፣ ጫግኒ ከተማ ውስጥ ፈረስ የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ ሲሉ ሰምቻለሁ ብሎ አጉረመረመ።

ቴሌቪዥኑን የዘጋው ግን አልነበረም። ጎሹን የተጫወተው ተዋናይ ቀርቦ ቀረጻው ምን ይመስል እንደነበር እየተጠየቀ ነው።

«ከሁሉ ያስቸገረኝ ፈረሱ ነው» አለ ተዋናዩ እየሳቀ። «የራሴ ፈረስ ነው፤ ከውርንጭላነቱ ስኳር እያበላሁ ነው ያሳደግሁት። አምስት ጊዜ ቀረጽነው፤ አምስቱንም ጊዜ ኪሴን ፈተሸኝ።»

የሻይ ቤቱ ጣሪያ የሚነሣ መሰለ። ፊልጶስ ከነሣጥኑ ወደቀ። መምህሩ ማንን እንደሚስም ጠፍቶት ፍሪጁን አቀፈ። ማናለብሽ ይኸነው ፊት ቆማ እጅ ነሣች።

«እኔ የያዝሁት አንዲት ገዳይ ነው» አለችው፤ «እርስዎ ግን ድራማውን የሠሩትን ሰዎች በሙሉ ያዙ።»

ይኸነው ሊኮሳተር ሞክሮ አልሆነለትም፤ ሳቁ ከሆዱ ፈንድቶ ወጣ። ለሰው ዳኝነት እንደማይሆን በዚያው አመነ። አወቀ አፍሮ ቀረበ፤ የጫግኒውን ሰው ነገር ትቶ የሽማግሌውን ክንድ ደገፍ አደረገ።

«ይነሡ ጋሼ፣ ፈረሱ ቆሞ ይጠብቃል።»

ሁለቱ ሲወጡ ቤቱ በሙሉ ተከትሎ ወጣ፤ ማናለብሽ ብርጭቆ እንደያዘች፣ ፊልጶስ እያነከሰ። ይህን ሁሉ ሕዝብ ያየው ቦራ በኋላ እግሩ ቆመ፤ ባለቤቱ ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ። ይኸነው ዞሮ ሰዎቹን በእጁ ገፋቸው።

«ከዚያ ቁሙ። በዚህ ሁሉ ዐቃቤ ሕግ ፊት እንኳን ፈረስ እኔም እበረግጋለሁ።»

ብቻውን ቀረበና በአገሩ ቋንቋ በአውኝኛ ቀስ ብሎ ፈረሱን አነጋገረው። አንገቱን ዳሰሰ፣ እግሩን አነሣ፣ ጆሮውን ብዙ አየ። በመጨረሻ ገመዱን ከባለቤቱ እጅ ተቀብሎ፣ የአወቀን መዳፍ ከፍቶ አስጨበጠው።