ድህነት ለመጠየቅ የተላኩ ሽማግሌዎች

ልጄ ዩኒቨርሲቲ መግባቷን የሰማሁ ቀን እልልታዬን ሳልጨርስ ፍርሃት ያዘኝ። ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ መኝታውም በመንግሥት ነው፣ አልሃምዱሊላህ። ነገር ግን ጫማዋ አልቋል፤ ለደብተር፣ ለሳሙና የምሰጣት የለኝም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ሮቤ ገበያ ነጭ ሽንኩርት እየቸረቸርኩ ነው ያሳደግኳት። እሷም ሁኔታዬን አይታ «ብቀርስ?» ማለት ጀምራለች።

አስተማሪዋ መከረኝ። «ዩኒቨርሲቲው ለችግረኛ ተማሪ ልብስና የኪስ ገንዘብ ይሰጣል። ብቻ ድሃ መሆንዎን ቀበሌው ይጻፍልዎት።»

በዚህስ ማንም አይበልጠኝም ብዬ ሄድኩ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ አሁንም ሰው ሲያናግር ከትከሻ እስከ ትከሻ በዓይኑ ይለካል። ከጀርባው ቀይ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኳት ፊደል እየተንተባተብኩ አነበብኩት፦ «በቀበሌያችን ድህነት ከሥሩ ተነቅሏል።»

«አዴ፣ ምን ላድርግልሽ?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ድሃ ናት ብለው ይጻፉልኝ።»

ተነስቶ በሩን ዘጋው።

«ድሃ? የየት ቀበሌ?»

«የዚሁ፣ የእርስዎ።»

«የኛ ቀበሌ ድሃ የለውም! ሪፖርት ልከናል፤ ጎባ፣ ክፍለ ሀገሩ ስብሰባ ላይ ተጨብጭቦልናል። አንቺ ድሃ ነኝ ስትዪ አብዮቱ ዋሽቷል ማለትሽ ነው?»

«ኧረ እኔ ምላሴ ይቆረጥ! አብዮቱማ አይዋሽም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ጠግቤ ነው ያደርኩት» ብዬ ወጣሁ። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ቃል እስር ቤት የገባ ሰው አልተመለሰም።

በኛ አገር የተቋጠረ ነገር የሚፈታው በሽማግሌ፣ በጃርሳ ነው። ጎረቤቴን ጃርሳውን፣ ከሁለት ባልንጀሮቻቸው ጋር፣ እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። ሳቁብኝ።

«ለጋብቻ ሄደናል፣ ለደም ሄደናል። ድህነት ልንጠይቅ ስንሄድ ግን የመጀመሪያችን ነው!»

ቢሆንም ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ለምልጃ እርጥብ ሣር ይዘው ሄዱ። እኔ ከኋላቸው ገብቼ በሩ ሥር ቆምኩ። ተቀመጡ ቢባሉ እንደ ወጉ እምቢ አሉ።

«ምን ፈልጋችሁ ነው፣ አባቶች?»

«የዚችን ሴት ድህነት ስጠን ብለን ነው» አሉ ጃርሳው።

«የለኝም እኮ ነው የምለው! ተነቅሏል!»

«መነቀሉን ማን ካደ፣ ልጄ? ግን አራሚ የነቀለውን አረም አንድ ቦታ ይጥለዋል። እናንተ የነቀላችሁትን የት ጣላችሁት? ይቺ ሴት ቤት ነው መሰለኝ።»

ሊቀመንበሩ ሊስቅ ብሎ ቀዩን ጨርቅ ዞር ብሎ አየና ፊቱን አኮሳተረ። «አባቴ፣ እኔም ልጆች አሉኝ። ድሃ የምትለዋን ቃል ከጻፍኩ አለቀልኝ።»

«ማን ጻፍ አለህ? እንዲህ በል፦ በድህነት ላይ የተገኘው ድል ወደዚች ሴት ቤት እየመጣ ነው፤ ገና መንገድ ላይ ነው።»

ብዕሩን ነክሶ አሰበ። «መንገድ ላይ አይባልም። በጉዞ ላይ ነው የሚባለው።»

«በጉዞ ላይ ይሁን። ብቻ የሴትዮዋ ልጅ ባዶ እግሯን አትጓዝ።»

ጻፈ፤ ማኅተሙንም መታበት። ጃርሳው እጃቸውን ዘርግተው ዱአ ያዙ። በየስብሰባው ፈጣሪ የለም እያለ የሚያስተምረን ሰው በሩ መዘጋቱን አረጋግጦ እሱም እጁን ዘረጋ። «አሚን» ያለው ቀስ ብሎ ነው።

ልጄ ሄደች። እኔ ግን እስከ እረፍቷ ድረስ የወታደር መኪና ባለፈ ቁጥር ልቤ ይሸበር ነበር። ያ ወረቀት የተማረ ሰው እጅ ይገባል፣ የተማረ ሰው ደግሞ ያነባል፣ መጀመሪያ ሊቀመንበሩን፣ ከዚያ ጃርሳውን፣ ከዚያ እኔን ይለቅሙናል እያልኩ።

መጣች፤ ጫማ አድርጋለች፣ ካፖርት ለብሳለች። ሰላምታዋን እንኳ አላስጨረስኳት።

«ወረቀቱን ሲያነቡ ምን አሉ?»

«ማን አነበበው፣ እማ? ማኅተሙን አዩና ተራ ያዢ አሉኝ። ሰልፉ ከቢሮው በር እስከ አስፋልቱ ነበር፤ ሁላችንም ድህነት ከሥሩ ከተነቀለበት ቀበሌ የመጣን!»

ዘልዬ አፏን በመዳፌ ከደንኩት። ሳቋ ከመዳፌ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም እየሳቅኩ ነበር፤ ቢሆንም እስክትጨርስ ድረስ እጄን አላነሳሁም።