ሁለቱ ከንቱዎች

ክፍሉ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር መሰለኝ፤ አቧራው በቆሎ በቆሎ ይሸት ነበር። ከአርባ ምንጭ ያመጡኝ በጠራራ ፀሐይ ስለነበር መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ዓይኔ ሲለምድ ስስ ፍራሽ፣ አንድ ጄሪካን ውሃና ከጣሪያው ሥር ጠባብ መስኮት አየሁ። ሌላ ሰው አልነበረም።

የታሰርኩት የላንቴ ቀበሌ ገበሬዎች መሬት ያለ ፈቃዳቸው መወሰዱን በስብሰባ ላይ ስለተናገርኩ ነው። መርማሪው አይጮህም። ጠዋት ጠዋት፣ የተናገርኩት ሐሰት ነው የሚል ወረቀት ያቀርብልኛል።

"ፈርምና ወደ ማስተማርህ ተመለስ። ገበሬዎቹ እንኳ መጥተው አልጠየቁህም። ድካምህ ከንቱ ነው።"

ማንም አለመምጣቱ እውነት ነበር። ከራሴ ጋር ማውራት ጀምሬ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ አዛውንት አስገቡ። የካምባ ሰው ናቸው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ግሪክኛ ያስተምሩ ነበር። ጫማቸውን አውልቀው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። መርማሪው ያለኝን ነገርኳቸው።

"ከንቱ አለህ?" ብለው ትንሽ አሰቡ። "በግሪኩ ሁለት ቃል አለች። ኬኖስ ማለት ባዶ ናት፤ ውስጧ ምንም የላትም። ማታዮቴስ ደግሞ ሄዶ ሄዶ አለመድረስ ናት። በአማርኛ ሁለቱንም ከንቱ ብለን እናልፋለን።"

"የእኔ የትኛው ነው፣ ጋሼ?"

"መሬቷ ተወስዳለች ወይስ አልተወሰደችም?"

"ተወስዷል።"

"እንግዲያው ቃልህ ባዶ አይደለችም። መድረሷን ግን እኔ አላውቅም።"

የሰጡንን ዳቦ ለሁለት ቆርሰን በላን። በማግስቱ ማለዳ እሳቸውን ጠርተው ወሰዷቸው። ክፍሉ ከበፊቱ ይልቅ ሰፋብኝ።

መርማሪው ወረቀቱን ሲዘረጋልኝ እስክሪብቶውን ከድኜ መለስኩለት።

"ያልኩት እውነት ነው፤ ይጥቀም አይጥቀም አላውቅም" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው።

በኋላ ሳልፈርም ፈቱኝ፤ መሬቱ ግን አልተመለሰም። አዛውንቱን ፍለጋ ካምባ ሄድኩ። ባለቤታቸው በር ላይ ቆመው፣ "አልተፈታም። የት እንዳለም አልነገሩንም" አሉኝ። አስገብተው ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው አቀረቡልኝ፤ አብረን በላን። ሲሸኙኝ የባላቸውን የግሪክኛ መማሪያ በእጄ አስያዙኝ።

ማታ ማታ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበዋለሁ። እስካሁን ከፊደሉ አላለፍኩም። በትክክል ማንበቤን የሚነግረኝ ሰው የለም።