ግማሽ ዙር ባዶ

ከሃላሌ ቁልቁል ስትወርዱ መንገዱን የቆረጠውን ውሃ እስቲ ተመልከቱት። ከውሃው በላይ ብቅ ያሉትን ደረቅ የዛፍ ጫፎችም እዩ። ግድቡ ሳይሞላ እዚያ ታች ሰው ያርስ ነበር። ማዶው ዳውሮ ነው። ድሮ ዘመድ ከዘመዱ በእግሩ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ይጠያየቅ ነበር። ዛሬ ለሠርግም በጀልባ ነው፤ ለለቅሶም በጀልባ።

ኤልሳዕ የዚሁ ዳገት ልጅ ነው። ሶዶ ከተማ፣ ዳሞታ ተራራ ሥር፣ የባጃጅ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ጎረመሰ። ውሃው ሲመጣ ጊዜ “እንግዲህ እኛም አገር ሞተር ገባ” ብሎ ተመለሰና ሃላሌ ላይ የብየዳ ቤት ከፈተ። ዝምተኛ እንዳይመስላችሁ፤ ምላሱ ይለበልባል። “ኤልሳዕ ሞተርህን ያድንልሃል፣ ጆሮህን ያቆስልሃል” ይሉታል።

ሰው ወደ ማዶ የምታሻግረውን ጀልባ መሪ ነገር ለባለንብረቶቿ ደጋግሞ ነግሯቸዋል። መሪው ሲዞር ጀልባዋ ወዲያው አትታዘዝም፤ ግማሽ ዙር ባዶውን ከሄደ በኋላ ነው የሚይዘው። ምን አሉት? “ይስሐቅ ያውቅበታል።” ይስሐቅ ነጂዋ ነው። እውነትም ያውቅበት ነበር። ዛፎቹ መሀል ሊታጠፍ ሲል አስቀድሞ ያዞራል፤ ጀልባዋ ስትነቃ እሱ መመለስ ጀምሯል። ተሳፋሪው ያጨበጭብለታል። የእኛ ነገር እንዲህ ነው! የተበላሸ ዕቃ አንድ ጎበዝ እጅ ከገባ፣ ተጠገነ ብለን እንተኛለን።

ከዚያ የይስሐቅ እናት ማዶ ሞቱ። ይስሐቅ በዋዜማው በአንድ አላፊ ጀልባ ተሻግሮ ለቅሶ ተቀመጠ። በቀብሩ ጠዋት የወዲህኛው ዳር በለቀስተኛ ሞላ፤ መዘምራን፣ የዕድር ሰዎች፣ የተቀቀለ የቦዬ ሥራሥር በዘንቢል የያዙ ሴቶች። ከሁሉም ፊት የሟች ታናሽ እህት ወይዘሮ እልፍነሽ ቆመዋል። የኤልሳዕ አማት ናቸው። አፈር ሳይለብስ የእህታቸውን ፊት አንድ ጊዜ ማየት ነው የፈለጉት፤ ሌላ ምንም።

ይስሐቅን የተካው ወንደሰን ነው። ጀልባ ነድቶ ያውቃል፤ ይህችን ግን አይደለም። “ሰው ሳይጫን ልሞክራት” አለ፤ ደግ አደረገ። ትንሽ እንደ ራቀ ወደ ቀኝ አዞረ፤ አልሄደችም። ጨመረበት፤ አሁን ደግሞ ከልክ በላይ ሄደች። ልመልስሽ ቢላት እምቢ አለች፤ ጎኗ ከአንድ ደረቅ ዛፍ ጋር ተፋተገ። ሞተሩን አጥፍቶ በእንጨት እየገፋ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

“ሰው አይጫንባትም” አለ ኤልሳዕ።

የዕድሩ ዳኛ አቶ ደገፉ ተቆጡ። “አንተ ደግሞ ዛሬ እንኳ አፍህን ሰብስብ! ቀስ ብሎ ይነዳታል። ጌታ ያሻግረናል።”

“ጋሽ ደገፉ፣ ጌታ ባሕር ከፈለ እንጂ ቡሎን አላጠበቀም።”

አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣትና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ወንደሰን ይስሐቅ ጋ ደወለና ሁሉም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው። “መሪው? ኧረ ወንድሜ፣ እሱ እኮ ቀላል ነው!” አለ ይስሐቅ፣ በለቅሶ በሻከረ ጉሮሮ። “ግማሽ ዙር ባዶ ነው፣ ከዚያ ይይዛል። ከመታጠፊያው ቀድመህ አዙር። ብቻ ድረሱ! ሰማዩ ዝናብ አዝሏል፣ ሽማግሌዎቹ ቀብሩን ከቀትር አናሳልፍም ብለዋል። አክስቴን አምጡልኝ።”

ሰውዬው ብልሽቱን እንደ ሙያ ያስተምራል! ደግሞ ኀዘንተኛ ነው፤ ኀዘንተኛን ማን ይቆጣል?

እልፍነሽ ወደ ኤልሳዕ ቀረቡ። “ልጄ፣ እህቴ ናት። አንድ ጡት ጠብተን ያደግን ነን። አሳልፈኝ።”

በእኛ ዘንድ አማች አማቱን እምቢ አይልም። ኤልሳዕ መሬት መሬት አየ። መፍቻውን ይዞ ውሃው ውስጥ ገባ።

የዚህች ጀልባ ሞተር ከውስጥ ነው፤ ፕሮፔለሩን የተሸከመው እግር ግን ከኋላ በውጭ በኩል ውሃ ውስጥ ይገባል። ጀልባዋ የምትታጠፈው ያ እግር ሲታጠፍ ነው። “ወንደሰን፣ አዙር!” አለ። የመሪው ሽቦ ሄደ፣ ሽቦው የሚገፋው የብረት ክንድም ሄደ፤ እግሩ ግን ቆሞ ቀረ። ኤልሳዕ በእጁ ይዞ ነቀነቀው። እንደሚወልቅ ጥርስ ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘ። እግሩን ክንዱ ከሚያዞረው ዘንግ ጋር ጨብጦ የሚይዘው ቀለበት ላልቷል። የቀለበቱን ቡሎን መፍቻ ሳያስገባበት በጣቱ አዞረው፤ ወጣ። ኪሱ ከተተው።

“አሁን ማንም አይነዳትም” አለ።

አቶ ደገፉ ምርኳዛቸውን አነሡ። “የአንተ ሰው ሲሞት ዕድሩ ደጅህን አይረግጥም!”

“ይሁን። ለመቅረትም ግን በሕይወት መኖር አለባችሁ።”

ወንዶቹ እያጉረመረሙ የጀልባዋን ኋላ በገመድ ወደ ዳር ጎተቱ። ዘንጉ ቀለበቱ የሚነክስበት ቦታ ላይ ተበልቷል። ኤልሳዕ ከብየዳ ቤቱ ካስመጣው ላሜራ ቀጭን ቁራጭ ቆርጦ ጠቀለለበት፤ ሲያጠብቀው ተጣመመ፤ ፈታው፣ እንደገና ቆረጠ። ሴቶቹ ዝቅ ባለ ድምፅ ያለቅሳሉ። ማዶ ዝናቡ መውረድ ጀመረ። እልፍነሽ ዓይናቸውን ከዝናቡ አልነቀሉም። አዲስ ቡሎን ገብቶ፣ መሪው ሲነካ እግሩም አብሮ ሲዞር፣ ቀትር አልፏል።

“ጊዜያዊ ነው” አለው ለወንደሰን። “ትክክለኛው ዕቃ እስኪመጣ። ቀስ በል።”

ጀልባዋ ለቀስተኛውን፣ ኤልሳዕንም ጭና በዛፎቹ መሀል ተጠምዝዛ አለፈች። ያጨበጨበ የለም።

ሲደርሱ መቃብሩ አፈር ለብሷል። እልፍነሽ እርጥቡ ጉብታ ላይ ተንበርክከው መዳፋቸውን አሳረፉበት። ይስሐቅ ዓይኑ ደም ለብሶ ወደ ኤልሳዕ መጣ። “አክስቴን ምን አደረግካት?” ኤልሳዕ ቡሎኑን አውጥቶ እጁ ላይ አኖረለት። ይስሐቅ በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ የቡሎኑ ጥርስ በሙሉ አልቆ ልሙጥ ሆኗል።

“በጣቴ ነው የወጣው” አለ ኤልሳዕ።

ይስሐቅ ቡሎኑን ጨበጠው። “እናቴን ሐኪም ቤት ያመላለስኳት በዚህች ጀልባ ነው” አለ።

አማቱ ዛሬም ኤልሳዕ ቤት እህል አይቀምሱም። ልክ እንደነበረ ያውቃሉ፤ አልቀየሙትም ይላል ሰው። ግን እዚያ ጠረጴዛ ሲቀርቡ የእህታቸው ፊት ይመጣባቸዋል። ኤልሳዕም “ይገባኛል” ይላል፣ ሌላ ጊዜ ያ ሁሉ ምላስ ያለው ሰው። ያን ቀን ስላልሰጠመው ሕዝብ ማንም አያወራም፤ ስላመለጠው ቀብር ግን ሁሉም ያወራል።

እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ጀልባ ይሁን፣ ባጃጅ ይሁን፣ ወደ በዴሳ የሚሄድ ሚኒባስ ይሁን፣ “አይዟችሁ፣ ነጂው ለምዶታል” ከተባላችሁ ውረዱ። ለቅሶም ቢሆን ይቅርባችሁ፣ ውረዱ፤ አጠገባችሁ የተቀመጠውንም እጁን ይዛችሁ አውርዱት።